ላምበርት ከምስሉ ቀድሞ የጮኸ ሰሞን

እኔ ኳስ እየታየ የሚያወራ ሰው አልወድም፤ ኳስ ስል እዚህ አሜሪካ በእጅ አቅፈው እየሮጡ መስመር የሚያሳልፏትን ማለቴ ነው። የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይስማማኝም። ባለቤቴ ኢርቪን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ሳያውቅ ነው ያገባኝ። በተጋባን በመጀመሪያው እሁድ፣ ቡድናችን መስመሩ አፋፍ ደርሶ ትንፋሽ ባጠረኝ ሰዓት፣ «ለመሆኑ ያ ወፍራሙ ልጅ ሥራው ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዞር ብዬ አየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ጥያቄ ሲኖረው ማስታወቂያ እስኪመጣ ያጠራቅም ነበር።

በቤቴ ውስጥ ጨዋታ መሐል እንድታወራ የተፈቀደላት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን መብት ያገኘሁት በልጅነቴ ነው። የሰጠኝም ታላቅ ወንድሜ ላምበርት ነው፤ እሱ ያኔ ጣሪያ ላይ ነበር።

አባታችን ዴዚሬ፣ ከቤልጂግ የመጡ ገበሬዎች የልጅ ልጅ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ የወተት ላሞች ያረባ ነበር። ዛሬም የምኖረው እዚያው ቤት ነው፤ ላሞቹ የሉም እንጂ። የቡድናችን ከተማ ግሪን ቤይ ከእኛ በመኪና ብዙም አይርቅም። ቡድናችን ሜዳው ላይ ሲጫወት፣ ነፋሱ ከዚያ በኩል ከመጣ የሕዝቡ ጩኸት እስከ በረታችን ይሰማል እያለ አባዬ ይምል ነበር። እማዬ ደግሞ «የሚጮኸው የራስህ ጆሮ ነው» ትለዋለች። አባዬ ከዚያ ቡድን አስበልጦ የሚወደው ላሞቹን ብቻ ነበር። እማዬ እኔስ ስንተኛ ነኝ ብላ ጠይቃው አታውቅም፤ ብልህ ሴት ነበረች።

ችግር የሚመጣው ቡድናችን በሜዳው ሲጫወት ነው። የዚያን ጊዜው ደንብ ጨዋታው የሚካሄድበት አካባቢ ሰው በቴሌቪዥን እንዳያይ ይከለክል ነበር፤ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሚያይ ከሆነ ትኬት ማን ይገዛል ተብሎ። አገር ሁሉ ያየዋል፣ እኛ ጎረቤቶቹ አናየውም። ትኬቱ ደግሞ ቢፈልጉትም አይገኝም፤ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ነው። አባዬ ይህን ባሰበ ቁጥር የአንገቱ ደም ሥር ይገተር ነበር። ስለዚህ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኛም ከሐይቁ ማዶ መስረቅ ጀመርን።

ማዶ፣ ሚሺጋን ውስጥ፣ አንዳንዴ የኛን ጨዋታ የሚያሳይ ጣቢያ ነበር። ሰማዩ ደህና ከሆነና አንቴናው ልክ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ምስሉ በውሃው ላይ አድርጎ ይደርሰናል። አንቴናውን አባዬ ከጭስ ማውጫው ጎን በረጅም የብረት ቧንቧ ላይ አቁሞት ነበር። ላምበርት ጺሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ፣ ዝምተኛ፣ እጀ ሰፊ ልጅ ነበርና መፍቻውን ይዞ ይወጣና ቧንቧውን ያዞረዋል። እኔ የሳሎኑን መስኮት ገርበብ አድርጌ የአባዬን ትእዛዝ ወደ ላይ አስተላልፋለሁ።

«ወደ ሐይቁ በል!»

«ወደ ሐይቁ በል ይልሃል!»

«በዛ! በዛ! መልሰው!»

«መልሰው፣ አንተ!»

«እሱጋ! እንዳትነካው!»

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ግን ሠርቶ አያውቅም። ላምበርት እጁን ሲያነሳ ምስሉ ይጠፋል፤ ሲይዘው ይመለሳል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አባዬ በሽቦ አሠረው፣ በድንጋይ አስደገፈው፣ አንድ ቀን እንዲያውም ጓንት በአሸዋ ሞልቶ ቧንቧው ላይ ሰቀለ። የላምበርት እጅ ከሌለበት ከሚሺጋን የሚመጣልን ስክሪኑ ላይ ሽሽሽ የሚል በረዶ ብቻ ነበር። በቃ፣ ላምበርት ጨዋታው እስኪያልቅ ጣሪያው ላይ ቀረ።

እማዬ የአባዬን የበረት ካፖርት ታለብሰውና በየኪሱ ትኩስ ቅቅል ድንች ትከትለታለች። መጀመሪያ እጁን ያሞቅበታል፣ ሲበርድ ይበላዋል።

«ልጄን ለኳስ ብለህ ልትገድለው ነው፣ አንተ ሰው!» ትላለች።

«ልጅሽ ቤልጂጓዊ ነው፤ ብርድ ምን ያደርገዋል?» ይላል አባዬ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየው በእሱ እጅ ነው፣ እሱ ግን ጥቁር ሐይቅና የጎረቤት በረት ብቻ ነው የሚያየው። ይሄ ነገር አንጀቴን በላው። ስለዚህ በመስኮቱ ቀዳዳ መንገር ጀመርኩ።

«ላምበርት! ኳሷ የኛ ናት! ወርዋሪያችን ወደ ኋላ ሸሸ… ወረወራት! ያ አፍንጫው የተሰበረው ያዛት! ወደቀ! ሁለት ሰው ተከመረበት። ሦስተኛውም መጣ፣ ይሄ ደግሞ ምን ቤት ነው?»

«መስኮቱን ዝጊ፣ ቤቱ በረደ» ይላል አባዬ።

«እሺ አባዬ» እላለሁ፤ አልዘጋውም።

ላምበርት ቢጮህም አይሰማኝም፤ ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል። ስለዚህ ጣሪያውን በተረከዙ ይመታ ጀመር። አንዴ ከመታ «ቀጥይ» ማለት ነው። ደጋግሞ ከመታ ደስ ብሎታል። የቡድናችን ልጆች ኳሷን ይዘው የመጨረሻውን መስመር ሲያልፉ እኔ «አለፈ!» ብዬ እጮሃለሁ፣ እሱ ከላይ ይረግጣል፣ የኮርኒሱ ኖራ እማዬ ድስት ውስጥ ይረግፋል።

ጨዋታው አልቆ ሲወርድ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ምድጃው ጋ ይቆማል። አባዬ ስለ ጨዋታው ማውራት ሲጀምር ያርመው ነበር። «የለም አባዬ፣ ያቺን የያዛት አፍንጫ ሰባራው ነው» ይለዋል፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ እንዳየ ሰው። አባዬ ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥሩ ነገር አይቻለሁ፣ ዋንጫም አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን ኮርቼ አላውቅም።

ደንቡ የተሻረው እኔ ካደግሁ በኋላ ነው። አባዬ ጣሪያ ላይ ሰው ሳይወጣ፣ ያለ ማንም እጅ፣ የመጀመሪያውን የሜዳችንን ጨዋታ ሲያይ፣ «በጣም ጥርት አለ፤ አያምርም» አለ። ሌላም አመል ነበረው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይዘጋና ሬዲዮ ይከፍታል። እዚህ አገር ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። የቴሌቪዥኖቹ ሰዎች ከሩቅ ስለሚመጡ የልጆቻችንን ስም ያበላሹታል፤ የሬዲዮው ሰውዬ ግን የኛው ነው፣ ስንሸነፍ ድምፁ ይሰበራል። ምስሉ ከአንዱ፣ ድምፁ ከሌላው፣ እንደ ደህና ባልና ሚስት ተስማምተው ዘመናት ኖሩ።

ያጣላቸው ዲሽ ነው። ዲሹ ጣሪያው ላይ ከተተከለ በኋላ ምስሉ ሰማይ ደርሶ ስለሚመለስ መሰለኝ መዘግየት አመጣ። የሬዲዮው ሰውዬ «አለፈ!» ብሎ ጮኾ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆቹ ገና ሱሪያቸውን እየሳቡ ይሰለፋሉ። አንድ እሁድ እንደምንም ቻልነው። በሚቀጥለው እሁድ ሬዲዮኑን በገዛ እጄ ወስጄ በረት ውስጥ መስማር ላይ ሰቀልኩት። ያለ እሱ ማየት ለመድን።

ኢርቪን ሞተ። የላምበርት ሚስት ማርሊንም ሞተች። ልጁ ሮክሳን አሪዞና ሄዳ ቀረች። ላምበርት ከእኔ ቤት ወዲያ ባለው መንገድ ዳር በራሱ እርሻ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ እሁድ እሁድ ግን መኪናውን አስነስቶ ይመጣል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ቡያ አበስላለሁ፤ ዶሮና የበሬ ሥጋ ከአታክልት ጋር አጥንቱ እስኪለቅ የሚፈላበት ወፍራም ሾርባችን ነው። እሱ አይብና ቢራ ይዞ ይገባል። እሱ በሶፋው ግራ፣ እኔ በቀኝ። ለእኔ ደስታ ማለት ያ ነው፤ ውጭው ግራጫ ሆኖ፣ ድስቱ እየተንተከተከ፣ አጠገቤ ስለ ኳስ ምንም ማስረዳት የማያስፈልገው ሰው ቁጭ ብሎ። ስንሸነፍ አብረን እናኮርፋለን። ስናሸንፍ እቃውን እሱ ያጥባል።

በዚህ ዓመት መኸር ላይ ግን ላምበርት ነቢይ ሆነ።

«አለፈ!» አለ አንድ እሁድ።

ስክሪኑ ላይ ኳሷ ገና መሬት ላይ ናት። «ማን አለፈ? ቃዠህ እንዴ?» አልኩት። አፌን ሳልዘጋ አንዱ ልጃችን ኳሷን አቅፎ እንደ ጥይት ተወነጨፈና መስመሩን አለፈ።

«እንዴት አወቅህ?»

«አቋማቸው» አለ፣ ቢራውን እየጎነጨ። «ዕድሜ ልኩን ያየ ሰው ከአቋማቸው ያውቃል።»

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ኳሷን ለመምታት ገና ሲንደረደር «ሳታት» አለ። ሳታት። ከዚያ በኋላማ አመነታለሁ? ሙሉ በሙሉ አመንኩ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሴቶቹ ሁሉ አወራሁ፤ «ወንድሜ ኳሱን ከመጫወታቸው በፊት ነው የሚያየው» አልኳቸው።

ሌሎችም ነገሮች ነበሩ፣ ልብ አላልኳቸውም። የቡድናችንን የሱፍ ኮፍያ እስከ ጆሮው ስቦ ቤት ውስጥ ማድረግ ጀመረ። «አውልቅ እንጂ፣ እማዬ ብታይህ ጆሮህን ነበር የምትቆነጥጥህ» ስለው «በርዶኛል» ይላል። ጣሪያ ላይ ያልበረደው ሰው ምድጃ ፊት በረደው! አርጅቷል ብዬ አለፍኩት። መንገድ ዳር ያለውን የፖስታ ሳጥኔን ምሰሶም አንድ ሰኞ ጠዋት ጋደል ብሎ አገኘሁት። የገጨው የወተት መኪናው ሹፌር ነው ብዬ ሰውዬውን ባየሁት ቁጥር ስሰድበው ከረምኩ።

በኅዳር ወር ሮክሳን ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ አባዬ የሆነ ነገር እየደበቀኝ ነው» አለች። «የላክሁለትን ፎቶ ስጠይቀው ያምራል ብቻ ይላል፤ ምኑ ነው የሚያምረው ስለው ስልኩን ለመዝጋት ይጣደፋል። ዓይኑ ደክሞ እንደሆነ መጥቼ ልየው። ማየት ተስኖት ከሆነ ይዤው ነው የምሄደው። ብቻውን እዚያ እርሻ ላይ ወድቆ እንዲገኝ አልፈልግም።»

«አባትሽ? ከእኔና ካንቺ አስበልጦ ያያል!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ይህንኑ ለላምበርት ስነግረው «አሪዞና እሁድ እሁድ የሚያሳዩት የሌላ ሰው ቡድን ነው» አለ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም።

ሮክሳን ቅዳሜ መጥታ እኔ ጋ አደረች። እሁድ ላምበርት መኪናውን አንድ ጎማ የአበባ መደቤ ላይ አቁሞ ገባና ልጁን አቀፋት። «ከስተሻል፣ የኔ ልጅ» አላት።

«አባዬ፣ ሱሪ ሁሉ ጠቦኝ አዲስ ገዝቼ ነው እኮ የመጣሁት!»

ሦስታችንም ሳቅን። ሮክሳን ግን ሳቋን ቶሎ አቆመች።

የዚያን ዕለት ከሐይቁ ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ እርጥብ በረዶ ይገርፍ ነበር። ጨዋታው ደግሞ ልብ የሚያወልቅ ነው፤ ይመሩናል፣ እንደርስባቸዋለን፣ ይመሩናል። የጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ወደ ማለቁ ሲጠጋ ሮክሳን ቡያውን ልቅዳ ብላ ወደ ኩሽና ሄደች። ኳሷ የኛ ነበረች። ልጆቹ ተሰለፉ። ያን ጊዜ ነፋሱ ጣሪያውን አንዴ ሲመታው ምስሉ ቀጥ አለ፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ዲሹን፣ ነፋሱን፣ ዲሹን የተከለውን ሰው አንድ ላይ ልረግም አፌን ስከፍት ላምበርት ከሶፋው ብድግ አለ።

«ያዛት! ሩጥ! ሩጥ አንተ ልጅ! በግራ፣ በግራ በኩል! አትቁም!» ዓይኑን ሰማያዊው ስክሪን ላይ ተክሎ፣ ቡጢውን ጨብጦ። «አለፈ! አለፈ!»

«አገባን?» አለች ሮክሳን ከኩሽና።

እኔ ስክሪኑን አየሁ፣ እሱን አየሁ።

«አየሽው?» አለኝ ፊቱ በርቶ። «አየሽ አይደል ያንን ሩጫ?»

«አላየሁም» አልኩት ቀስ ብዬ። «አንተም አላየህም። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ላምበርት።»

ቡጢው አየር ላይ ቀረ። ወደ ስክሪኑ ጎን አንገቱን አዘነበለ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው። «መቼ?» አለ።

ኮፍያውን ሳብኩት። ከሥሩ ጥቁር ሽቦ ከጆሮው ወደ ሸሚዙ ኪስ ይወርዳል። ኪሱ ውስጥ ትንሽዬ ሬዲዮ አለች። የአቋም እውቀት የተባለው፣ ትንቢት የተባለው እሷ ናት። የሬዲዮው ሰውዬ ከምስሉ እንደሚቀድም ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ደስ ሲለው ይረሳዋል፤ ቆይቶ መጮህ አልቻለበትም።

«ምን ያህል ታያለህ?»

«ዙሪያውን አያለሁ» አለ። «መሐሉ ነው የጠፋው። አሁን ወዳንቺ ሳይ መስኮቱን አያለሁ፣ ሹራብሽን አያለሁ። ፊትሽ የለም።»

እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ግን ንዴቴ ቀደመ። «እንዲህ ሆነህ ነው መኪና የምትነዳው?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«የፖስታ ሳጥኔንስ ታውቀዋለህ?»

ኮፍያውን ከእጄ ሊወስድ እጁን ዘረጋ።

«አንተ ነህ! እኔ ምስኪኑን የወተት ሹፌር አፈር ድሜ ሳበላው ስከርም ዝም ብለህ አይብህን ትበላለህ! ሳጥኑ ጋ ሰው ቆሞ ቢሆንስ? ቁልፉን አምጣ።»

«ክላሪስ…»

«ቁልፉን አምጣ አልኩህ!»

አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። «ለሮክሳን ብቻ እንዳትነግሪያት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስለ እግዚአብሔር። እዚያ ከወሰደችኝ ምን ልሠራ ነው? ማንን ላውቅ ነው?»

«ሰምቻለሁ፣ አባዬ» አለች ሮክሳን። በእያንዳንዱ እጇ አንድ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጥታ ፊቱ ተንበረከከች። «ለምን አልነገርከኝም? እኔ ልቀጣህ ነው የምመጣው? በቃ፣ አብረን እንሄዳለን። እዚያ ሐኪም አለ፣ እኔ አለሁ፣ በረዶ የለም። እሺ?»

ይሟገታል ብዬ ጠበቅሁ። ላምበርት ከአባዬ የወረሰው ነገር ቢኖር ግትርነት ነው። ግን «እሺ» አለ። እንዲሁ፣ በለሆሳስ። ቅስሙ የተሰበረ ሰው እሺታ ነበር። ወንድሜን በዚያ ሁሉ ብርድ ጣሪያ ላይ ቆሞ እንደዚያ አንሶ አይቼው አላውቅም።

ሽቦውን ከሬዲዮዋ ሲነቅል ድምፁ ቤቱን ሞላው። በዚያው ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ባላጋራዎቻችን መልሰው አግብተውብን ኖሯል፤ አሁን ኳሷ የኛ ናት፣ ቀሪው ሰዓት ደግሞ ትንሽ ነው። ሬዲዮው ያዛት ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ገና ይሰለፋሉ። ሬዲዮው ወደቀ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ ይይዛታል። ራሴ ዞረ።

«ዝጋው ያንን! ወይ እሱ ወይ እኔ!»

ሬዲዮዋ ጸጥ አለች። ላምበርት ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከቴሌቪዥኑ ወደ ጎን አየ።

«እንግዲያውስ ንገሪኛ» አለ።

ወደ እሱ ተጠጋሁ። እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

«መስኮቱን ልክፈተው እንዴ?» አልኩት።

«ክፈቺው» አለ። «ብርድ ሲነካሽ ነው ደህና የምታወሪው።»

ገርበብ አደረግሁት። በረዶው ብን ብሎ ገባ። «ኧረ አክስቴ፣ ቤቱ በረደ!» አለች ሮክሳን።

«እሺ» አልኳትና ተውኩት።

«ኳሷ የኛ ናት» አልኩ። «ሜዳው ነጭ ሆኗል፣ መስመሩ አይታይም። ወርዋሪያችን እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል፣ ልክ እንዳንተ ድንች። አሁን አወጣው። ወደ ኋላ ሸሸ… አንዱ ሊይዘው ነበር፣ አመለጠው… ወረወረ! ያ ረጅሙ፣ ያ ጠጉሩ ከራስ ቁሩ ሥር የተንዘረፈፈው…»

«የትኛው?»

«ረጅሙ አልኩህ! አታቋርጠኝ። ያዛት! ከሜዳው ወጣ፣ ሰዓቱ ቆመልን!»

የላምበርት ተረከዝ የሳሎኑን ወለል መታ። አንዴ።

«ምንድነው እሱ?» አለች ሮክሳን።

«ቀጥይ ማለት ነው» አልኩና ቀጠልኩ። ስለ አንዱ ልጅ አንካሳ አረማመድ ነገርኩት። ስለ አሠልጣኙ ቀይ አፍንጫ ነገርኩት። ስለ አንዱ ደጋፊ ነገርኩት፤ በዚያ ብርድ ሸሚዙን አውልቆ ሆዱን አረንጓዴ ቀብቷል፣ እናቱ ብታየው ምን እንደምትል ጭምር ነገርኩት። የሬዲዮው ሰውዬ ይህን ሁሉ አይነግርም። የላምበርት ተረከዝ መታ፣ መታ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። ሮክሳን ኳሱን ትታ እሱን ነበር የምታየው።

ልጆቻችን መስመሩ አፋፍ ላይ ደረሱ። ለአንድ ሙከራ የምትበቃ ሰዓት ቀረች። ትንፋሽ አጠረኝ።

«አክስቴ» አለች ሮክሳን፣ በዚያች ሰዓት! «የአባዬ የልጅነት ክፍል፣ የታችኛው፣ ማሞቂያው ይሠራል?»

እኔ በዕድሜዬ ሙሉ፣ ለባሌም ለቄሱም፣ ጨዋታ መሐል ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ዓይኔን ከስክሪኑ ነቅዬ ወደ እሷ ዞርኩ።

«ይሠራል» አልኳት። «አልጋውም አለ። ይምጣ፤ እኔ አለሁ።»

እሷ እጇን አባቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። የላምበርት እግር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኛን ሲሰማ ቆይቶ በትዕግሥት ማጣት ወለሉን መታ። ቀጥይ!

«ተሰልፈዋል» አልኩ፣ ወደ ስክሪኑ ተመልሼ። «ያዛት። ለረጅሙ ሊወረውር ነው፣ ወረወረ…» ኳሷ በረዶው ውስጥ ስትዞር አየኋት፤ ረጅሙ ልጅ ዘለለ፣ ጣቱን ነካችው፣ ወደቀች። «አልያዛትም፣ ላምበርት። አለቀ። ተሸነፍን።»

«እህ» አለ። ቴሌቪዥኑን ልዘጋ ሪሞቱን አነሳሁ።

ተረከዙ ወለሉን መታ። አንዴ።

ሪሞቱን አስቀመጥኩና «ረጅሙ ልጅ በረዶው ላይ ተቀምጦ ቀርቷል» አልኩት። «አንዱ ባላጋራ መጣ። እጁን ዘረጋለት። አሁን እያነሳው ነው።»